የናጊሳ የአማርኛ ድምፅ

ማኑ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና፣ «ዮዲ፣ ዛሬስ ገደልሽኝ» አለ። «እንዲህ ሠርተሽ አታውቂም። እስከ ዛሬ ከሠራሽው ሁሉ አንደኛ ይኼ ነው።»

ሚስቱ ዮዳሄ የኩሽናው በር ላይ ሳህን ይዛ ቆማ ነበር። ማኑ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ ምሳውን የሚበላውም ያንኑ የጃፓን ድራማ በአማርኛ ትርጉም እያየ ነው። በቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ጃፓናዊት የሟች እህቷን ልብስ እያጣጠፈች ታለቅስ ነበር። ማኑ ያ ልቅሶ የሚስቱ ነው ብሎ ያምናል። አልነበረም። ያለቀሰችው አዲስ አበባ ያለች፣ ሲፈን የምትባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት።

«ተመስገን» አለች ዮዳሄ። ሌላ ምን ትበል? ሳህኑን አስቀምጣ እንደ ሁልጊዜው ሪሞቱን አነሳችና የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር መውረድ ሳይጀምር ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ በሩን ቆለፈች፣ ቁጭ ብላ ቀናች።

ሴት ልጅ ባሏ ሌላ ሴት ሲያደንቅ ብትቀና ወግ ነው። ባሏ እሷኑ ሲያደንቅ አንጀቷ እርር የሚል ሴት ግን፣ የቶሮንቶን ኢስት ዮርክ ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ብታስሱ፣ ከዮዳሄ ሌላ አታገኙም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃፓናዊቷ ናጊሳ ኩራታኒ ትባላለች። ዘፋኝ ናት፣ ተዋናይት ናት፤ ዮዳሄ ደግሞ የእሷ የአማርኛ ድምፅ ነበረች። ሁለት ሙሉ ምዕራፍ፣ መቶ አርባ ክፍል፣ ናጊሳ አፏን በከፈተች ቁጥር የሚወጣው የዮዳሄ ድምፅ ነበር። ስቱዲዮው ሥራውን ሲሰጣት አለቃዋ «የማን ጉሮሮ ውስጥ እንደምትገቢ እወቂ» ስላላት የናጊሳን ታሪክ ከራሷ ታሪክ አብልጣ አጥንታዋለች። ናጊሳ በአሥራ አራት ዓመቷ በአምስት ልጃገረዶች ቡድን ውስጥ መዝፈን ጀመረች። እያንዳንዷ ልጅ የራሷ ቀለም ነበራት፤ የናጊሳ ቢጫ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ቢጫ መብራት የሚያውለበልበው ሁሉ የእሷ ሰው ነው ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ሲሞላት ከቡድኑ ወጣች። ከዚያ ብቻዋን ሁለት አልበም አወጣች፤ የመጀመሪያውን አገሩ ሁሉ ዘፈነው፣ ሁለተኛውን እናቷም የገዛች አይመስልም። ሥራ ስታጣ በፖሊስ ድራማ ላይ ሬሳ ሆና ተኛች፤ አሥር ዓመት ሬሳ፣ ጎረቤት፣ ነርስ እየሆነች ኖረች። በሠላሳ አራት ዓመቷ ባሏ የሞተባት የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ባለቤት ሆና ስትተውን ግን ዳግመኛ ተወለደች። ያ ድራማ ነው በአማርኛ ተተርጉሞ የኢትዮጵያን ምሽት የያዘው።

ማኑም የተያዘው በዚያው ነው። አንድ ቀን በምሳ እረፍቱ አውቶቡሱን አቁሞ በስልኩ ሲያይ ድምፁ ልቡ ውስጥ ገባ። የፊቱ ነገር አልነበረም፤ ፊቱማ የናጊሳ ነው። መጨረሻ ላይ ከሚወርደው ዝርዝር የባለድምፁን ስም አንብቦ ፈልጎ ፈልጎ አገኛትና ጻፈላት። ሁለት ዓመት በስልክ አወሩ። በሠርጋቸው ቀን ማይክራፎን ይዞ «እኔ መጀመሪያ የወደድኩት ድምፅዋን ነው፤ ሌላው ምርቃት ነው» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ስቃለች። አሁን ያ ንግግር በየቀኑ ትዝ እያላት ያንገበግባታል።

ቶሮንቶ ስትመጣ ሥራዋን ይዛ ነው የመጣችው። ኤግሊንተን ዌስት በሚባለው ጎዳና ላይ ተከራይተው ሳለ ክሎዜት በሚሉት ጠባብ የልብስ ክፍል ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅላ፣ ማይክራፎኗን ኮት መስቀያ ላይ አስራ ትቀዳ ነበር። ግን መንገዱ ለባቡር ይቆፈራል፤ ናጊሳ የፍቅር ቃል ስትናገር ከኋላዋ ድንጋይ መሰርሰሪያው ይንጫጫል። ስቱዲዮው መላልሶ «ድምፅ አለበት፣ ድገሚው» ሲላት ማኑ «እንግዲያውስ ቤት እንቀይራለን» ብሎ፣ እሱ ለሥራው ከሚቀርበው ሰፈር ነቅሎ እዚህ ጸጥ ያለ ኢስት ዮርክ አመጣት። ዕቃው ከካርቶን ወጥቶ ሳያልቅ፣ በጥቅምት፣ ከስቱዲዮው ተደወለ። «ዮዲዬ፣ አንቺን የመሰለ የለም፤ ግን ሦስተኛውን ምዕራፍ እዚሁ ያለች ልጅ ትሥራው ብለናል።»

ያን ቀን ልትነግረው ነበር። ማኑ ግን ክሎዜቱ ውስጥ ተንበርክኮ ለግድግዳው ድምፅ የሚያፍን ስፖንጅ እየለጠፈላት ነበር፤ ጣቱ ላይ ሙጫ ደርቋል። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ደግሞ ትናንት ባለመንገሯ አፈረች። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ወር ሞላ።

በዚህ አምስት ወር ዮዳሄ ጠዋት ጠዋት መዋዕለ ሕፃናት ትሠራለች፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ «ቀረጻ አለኝ» ብላ ክሎዜት ትገባለች። ሥራ በነበራት ጊዜ በቀረጻ ቀን ብቻ ታደርገው እንደነበረው፣ አሁን በየቀኑ ድምፅ ላሳርፍ ብላ ማር በሙቅ ውኃ ትጠጣለች፣ ማኑ ሲያወራት በጭንቅላቷ ወይም በእጇ ትመልስለታለች። ውሸት ሲሠራ በደንብ ነው። ክሎዜቱ ውስጥ የምትሠራው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጆሮ ማዳመጫ ሰክታ ሲፈንን መስማት። ትሰማለች፣ ታቆማለች፣ ወደኋላ ትመልሳለች። እዚህ ጋ ቸኮለች። እዚህ ጋ «እ» አለች፤ ናጊሳ «እ» አትልም። ይቺ ደግሞ ስትስቅ የፍየል ግልገል ናት። የሲፈንን ጥፋት የምትጽፍበት ገጽ አሥራ አንድ ደርሷል።

አንድ ቀን ሲፈን ራሷ የድምፅ መልእክት ላከችላት። «እህት ዮዳሄ፣ ስለማላውቅሽ ይቅርታ። የስቱዲዮ ሰዎች ስለ ደብተሩ ነግረውኝ ነው። ከቻልሽ ፎቶ እያነሳሽ ብትልኪልኝ። እኔ እኮ ድምፅሽ ከእሷ አይለይም ተብዬ ነው የተመረጥኩት፤ የተማርኩትም ያንቺን ክፍሎች እየሰማሁ ነው።»

ደብተሩ የትንፋሽ ደብተር ነው። በዚህ ሥራ ቃሉን ተርጓሚው ይጽፍልሻል፤ ትንፋሹን ግን የሚጽፍልሽ የለም። ናጊሳ የት ጋ አየር ትስባለች፣ የት ጋ ምራቋን ትውጣለች፣ ስትናደድ በአፍንጫዋ ነው በአፏ የምትተነፍሰው፣ ይህን ባለድምፅዋ ለራሷ እየጻፈች ትይዛለች። ባለድምፅ ስትቀየር ደብተሯን በእጇ ለተተኪዋ መስጠት የዚያ ስቱዲዮ ልማድ ነው። ዮዳሄ አልሰጠችም፤ ከሥራዋ ጋር ቶሮንቶ ይዛው መጥታ ሻንጣዋ ውስጥ ነው።

ልጅቷ በትሕትና መጠየቋ ይበልጥ አበሳጫት። ባለጌ ብትሆን ይሻላት ነበር። ሁለት ቀን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችና በሦስተኛው ቀን እንዲህ ብላ ቀድታ ላከችላት። «የእኔ ቆንጆ፣ ደብተሩ ጠፍቶብኛል። ግን አንድ ትልቁን ነገር ልንገርሽ፤ ናጊሳ ስታለቅስ ድምፅ አታወጣም። ጃፓንኛው ላይ የምትሰሚው ጩኸት በኋላ የተጨመረ ነው፤ አፏ ሲከፈት ብታዪም እንዳትጮሂ። ትንፋሽ ብቻ።»

ሐሰት ነው። ናጊሳ ስታለቅስ ትጮኻለች፤ ደብተሩም የሚለው «ጩኸቷን ተከተዪ» ነው። ዮዳሄ ያሰበችው ቀላል ነበር፤ አፍ ተከፍቶ ድምፅ ሲጠፋ አለቃው «ይኼ ምንድነው» ይላል፤ ልጅቷ ትዋረዳለች፤ ከዚያ ስልክ ይደወላል፣ ዮዲዬ ተመለሺልን ይባላል። ክፉ ነበረች። ክፉ መሆኗንም ታውቅ ነበር፤ መልእክቱን ልካ ስታበቃ ፊቷን በመስታወት አላየችም።

ሲፈን እንደተባለችው አደረገች። የእህቷን ልብስ ስታጣጥፍ የናጊሳ አፍ ተከፈተ፣ ድምፅ አልወጣም፤ ብቻ የሆነ የተቆራረጠ ትንፋሽ፣ ሰው ሌላው ክፍል ያለውን ልጅ እንዳይቀሰቅስ አፉን ይዞ እንደሚያለቅሰው። ማኑ ያለቀሰው በዚህ ነው። «እስከ ዛሬ ከሠራሽው ሁሉ አንደኛ» ያለውም ይህንኑ ነው። ለማዋረድ የቆፈረችው ጉድጓድ ልጅቷን ከፍ አድርጎ አወጣት። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠችው እንግዲህ ይህን ይዛ ነው።

በማግስቱ ደረጃው ላይ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ የሻሽወርቅ ያዟት። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ምድር ቤት ይኖራሉ፤ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው ቶሮንቶ ከገቡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ድራማውን እሳቸውም አያመልጣቸውም፤ መጨረሻ ላይ የሚወርደውንም ስም አንድ ሳይቀር ያነባሉ፤ ከዘመዶቻቸው አንዱ ይኖርበት እንደሆነ ብለው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ሲፈን ማናት?» አሏት።

የዮዳሄ እግር ደረጃው ላይ ቀረ። «እትዬ፣ እባክዎን ለማኑ እንዳይነግሩብኝ።»

«እኔ ምን አገባኝ። ብቻ ክሎዜት ውስጥ ምን ስታደርጊ ነው የምትውይው? እንደገባችሁ ሰሞን ስታወሪ በጣሪያዬ በኩል ሁሉ ይሰማኝ ነበር። አሁን ቤቱ ባዶ ይመስላል።»

«አዳምጣለሁ።»

«ማንን?»

ዮዳሄ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ወይዘሮ የሻሽወርቅም አልጨቀጨቋት፤ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው በራቸውን ዘጉ።

ሳምንት ሳይሞላ ማኑ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ እየሳቀ ገባ። «ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ነበር፣ አልቻልኩም» አለ። ናጊሳ ኩራታኒ አዲሱን ፊልሟን ይዛ ቶሮንቶ ትመጣለች፤ ብሉር ጎዳና አጠገብ ባለ አንድ ሲኒማ ቤት ውስጥ እሁድ ከሰዓት በኋላ ፊልሙ ይታያል፤ ከዚያ ከተመልካች ጋር ትወያያለች። ማኑ ለአዘጋጆቹ ኢሜይል አድርጎ ሚስቴ የናጊሳ የአማርኛ ድምፅ ናት ብሏቸዋል። እነሱም በደስታ ፈነደቁ። «ስቴጅ ላይ አጠገቧ ትቆሚያለሽ። ከድራማው አንድ ትዕይንት ያለድምፅ ይለቀቃል፣ አንቺ ላይቭ ትሠሪዋለሽ። እኔ ነኝ ሲኑን የመረጥኩት። የቱን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ልብስ የሚታጠፍበትን።

«ያመኛል፣ አልችልም» ለማለት አፏን ስትከፍት የማኑን ፊት አየች። ከሠርጋቸው ወዲህ እንዲህ ሲያበራ አይታው አታውቅም። ደግሞም፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ልቧ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ቆመ፤ ሲፈን ስቱዲዮዋ ውስጥ ትሁን፣ ናጊሳ አጠገብ የምቆመው እኔ ነኝ የሚል። ይህ ሐሳብ እንደ ማር ጣፈጣት።

«እሺ» አለች።

እሁድ ዕለት ማኑ ሙሉ ልብሱን ለበሰ፤ ሺፍቱን ከጓደኛው ጋር ተቀያይሯል። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው «እኔማ አልቀርም» ብለው አብረው መጡ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ከመሐል ወሬውን የሰሙ አሥራ አምስት ያህል ሐበሾች በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። ናጊሳ ስትገባ ዮዳሄ መጀመሪያ ያየችው ትንሽነቷን ነው። ስክሪን ላይ በር የምትሞላው ሴት የዮዳሄ ትከሻ ላይ ትደርሳለች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከፀጉሯ አንድ ነጭ አይታይም። ሁሉም ቆሞ አጨበጨበ። እኔ በመቶ አርባ ክፍል ጉሮሮዬ ተልጦ፣ ስሜ በአንድ ሴኮንድ ይወርዳል፤ እሷ ገና ስትራመድ ይጨበጨብላታል አለች ዮዳሄ በሆዷ። ዛሬ ለማንም የሚተርፍ ቅናት ነበራት።

መብራቱ ጠፋ። ትዕይንቱ ያለድምፅ ጀመረ። ዮዳሄ ጽሑፍ አላስፈለጋትም፤ ጥፋት ስትፈልግበት አርባ ጊዜ ሰምታዋለች፣ ቃል በቃል ታውቀዋለች። ድሮ እንደምታደርገው፣ ደብተሩ እንደሚለው፣ ጮኻ ልታለቅሰው ወስና ነበር። ሲፈንን በራሷ ትዕይንት ላይ ልትበልጣት፣ ማኑም «እንዴ፣ ይኼ ደግሞ ከበፊቱ ይበልጣል» ሊል። ቃላቱን ተናገረች፤ ሸሚዙ ታጠፈ፤ የናጊሳ አፍ ተከፈተ። በዚያች ቅጽበት የራሷ ጩኸት እንደማያምር ገባት። እርግጠኛ ሆነች፤ ሰው ምግብ ቀምሶ ጨው እንደበዛበት እንደሚያውቀው ያህል። ጩኸቱን ተወችውና ከአፏ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ፤ የተቆራረጠው፣ የሲፈን።

ከዚያ ጭብጨባው መጣ። ማኑ ፊት ወንበር ላይ ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይቀርጻል፤ ጉንጩ ረጥቧል።

ናጊሳ ግን አላጨበጨበችም። ወደ ዮዳሄ ዞራ አየቻት፤ ከዚያ በጃፓንኛ ረዘም አድርጋ ተናገረች። አስተርጓሚው፣ ቀጭን መነጽር ያደረገ ወጣት፣ በእንግሊዝኛ መለሰው። ያን ትዕይንት ስትሠራ ያለ ድምፅ ማልቀስ ነበር የፈለገችው። ዳይሬክተሩ ጩኺ አላት። ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ያን ጩኸት በሰማች ቁጥር ታፍራለች። አሁን በማታውቀው ቋንቋ ያኔ የፈለገችውን ሰማችው። ማን እንዳሰበው ማወቅ ትፈልጋለች።

እዚህ ላይ ዮዳሄ «እኔ» ማለት ትችል ነበር። ውሸትም አይሆንም፤ ሐሳቡ ከእሷ ነው የወጣው፣ ምንም እንኳ በክፋት ቢወጣ። ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ጃፓኖች ከእንዲህ ያለ ቡድን የምትወጣን ልጅ «ለቀቀች» አይሏትም፤ «ተመረቀች» ይሏታል። ትልቅ ዝግጅት ይደረግላታል። ተመራቂዋ የራሷን ስንኝ ለመጨረሻ ጊዜ ትዘፍንና ቦታዋን ለተተኪዋ በሰው ሁሉ ፊት ትሰጣለች። የናጊሳን ምረቃ ዮዳሄ በቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየችው አትቆጥረውም። ናጊሳ ስንኙን እስከ ግማሽ ዘፍና ማይክራፎኗን ለአንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ትሰጣታለች፤ ልጅቷ ግማሹን ትጨርሰዋለች፤ ናጊሳ ዳር ቆማ እየሳቀች ታጨበጭባለች። ከጥቅምት ወዲህ ዮዳሄ ቪዲዮውን የምታየው ያቺን ሳቅ ለመመርመር ነበር።

«ያን ቀን ማይክራፎንዎን ለልጅቷ ሲሰጡ» አለች በእንግሊዝኛ፣ «አልቀኑም?»

አስተርጓሚው ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ተረጎመው። ናጊሳ ሳቀች። ዮዳሄ ሳቁን አወቀችው፤ የቪዲዮው ሳቅ ነው። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

አስተርጓሚው እንዲህ ብሎ ተረጎመ። «ልጅቷ ቀለሜንም ነው የወሰደችው። አንድ ዓመት ሙሉ ቢጫ አልለበስኩም። የእንቁላል አስኳል እንኳ አልበላሁም።» አዳራሹ ሳቀ። ናጊሳ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። «አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሬዲዮኑ የእኔን ስንኝ ለቀቀ፤ የምትዘፍነው እሷ ናት። ሾፌሩ እኔን አላወቀኝም። ‹ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት› አለ። ብዙ መንገድ ሄድን። ከዚያ ‹አዎ፣ ጎበዝ ናት› አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም።»

ዮዳሄ ወደ ፊተኛው ወንበር አየች። ማኑ አሁንም ይቀርጻል። ወይዘሮ የሻሽወርቅ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

«ማኑ» አለች በአማርኛ፣ በማይክራፎኑ። «ያቺ እኔ አይደለሁም። ሦስተኛውን ምዕራፍ እኔ አልሠራሁትም። ሲፈን የምትባል ልጅ ናት። ልቅሶውም የእሷ ነው።» «ጎበዝ ናት» ብላም ጨመረች፤ ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋን ቧጥጦ ወጣ።

የሐበሾቹ ረድፍ ተንሾካሾከ። የተቀረው አዳራሽ ምን እንደተባለ ስላልገባው ደግሞ አጨበጨበ። ናጊሳ «ምን አለች?» ብላ አስተርጓሚውን ጠየቀችው፤ እሱም አላውቅም አላት። ማኑ ስልኩን አወረደ።

ወደ ቤት በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በሰብዌዩ ሲሄዱ ወይዘሮ የሻሽወርቅ በሁለቱ መሐል ተቀምጠው ስለ ፊልሙ ብቻ አወሩ። ያቺ ሴትዮ ቀሚሷ ምን ያምር ነበር፤ የመጨረሻው ክፍል ግን ረዘመ፤ እዚያ አገር ቤት ውስጥ ጫማ አውልቆ መግባታቸው ደስ ይላል። ማኑ «አዎ እትዬ» ይላል። ዮዳሄ መስኮቱን ታያለች፤ ከመስኮቱ ውጪ ጨለማ ዋሻ እንጂ ምንም የለም። ከምን ጊዜውም በላይ የምትፈራው አንድ ጥያቄ ነበር። ማኑ አንዴ በድምፅ ተነስቶ ሰው ፈልጎ ያገኘ ሰው ነው። ስለ ሲፈን ሲጠይቃት፣ ስንት ዓመቷ ነው፣ የት ነው የምትኖረው ሲላት፣ እንዴት እንደምትመልስለት ከጣቢያ ጣቢያ አሰናዳች።

እቤት ገቡ። ማኑ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጥቅምት።»

«ስፖንጁን ስለጥፍልሽ አውቀሽ ነበር?»

«ያን ዕለት ነው የደወሉልኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። ዮዳሄ ቆማ ጥያቄውን ጠበቀች። መልሷ ተዘጋጅቶላታል፤ ከንፈሯ ላይ ነው። ማኑ ግን ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን ዞረ።

«እኔ እኮ ያን ድራማ ያን ያህል አልወደውም» አለ። «የሰው መታጠቢያ ቤት ምን ይታያል? ዮዲ፣ አንቺ ከጥቅምት ወዲህ አታወሪኝም። ድምፄን ላሳርፍ ትያለሽ፣ ማር ትጠጫለሽ፣ ስጠራሽ በእጅሽ ትመልሺልኛለሽ። ሥራዋ ነው ብዬ ታገስኩ። ታዲያ ሚስቴን መስማት ሲያምረኝ እሱን እከፍታለሁ። ምሳዬን ይዤ፣ እስቲ ዛሬ ምን ትለኛለች ብዬ እቀመጣለሁ።» ወደ እሷ ዞረ። «አምስት ወር ስሰማ የከረምኩት የማላውቃትን ሰው ነው?»

ዮዳሄ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሲፈን ወሰደችብኝ ብላ አምስት ወር ሙሉ ስትቃጠልበት የኖረችውን ነገር ሲፈን አልነካችውም ነበር። ድምፅዋን በገዛ እጇ ማኑ ላይ የዘጋችው ራሷ ናት፤ ክሎዜት ውስጥ ገብታ፣ በር ቆልፋ፣ ሌላ ሰው እያዳመጠች።

ማኑ ጫማውን አወለቀ። ሶፋው ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

«በይ ነይ» አለ። «ቴሌቪዥኑን አልከፍትም። አውሪኝ።»

ተነስታ አጠገቡ ተቀመጠች። ልታወራው ፈለገች፤ ከልቧ ፈለገች። ስለ መዋዕለ ሕፃናቱ ልትነግረው አሰበች፤ ከልጆቹ ያንዱም ነገር ትዝ አላላትም። ስለ ክረምቱ፣ ስለ አዲሱ ሰፈር፣ ስለ ራሷ አሰበች። አምስቱን ወር አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው፤ ከሲፈን በቀር ምንም አላገኘችባቸውም። ማኑ እጇን ይዞ ይጠብቃል።

«ሲፈን ስትስቅ» አለች፣ «ከሳቁ በፊት በአፍንጫዋ ትንሽ ትተነፍሳለች።»